ዋስትናው ጋሸናን ይሻገራል?

ከወልዲያ ወደ ላሊበላ የሚሄድ መንገደኛ መጀመሪያ የሚሰናበተው ሙቀቱን ነው። ድልብን አልፎ መኪናው ዳገቱን ሲያያዘው መስኮት ይዘጋል፤ ጋሸና ሲደርስ ደግሞ ከሻንጣ ጋቢ ይወጣል። ጋሸና የነፋስ አገር ናት። ሻይ ለመጠጣት የወረደ ሁሉ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ጨብጦ ነው የሚጠጣው። ቀጥታው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ይቀጥላል፤ ወደ ቀኝ የታጠፈው 64 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ላሊበላ ይገባል። ከመገንጠያው በኋላ የላስታ ተራሮች አንዱ ከአንዱ ጀርባ ተደራርበው ይታያሉ። ከሁሉም በላይ ከ4,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው አቡነ ዮሴፍ ቆሟል።

ወደ ላሊበላ የሚገባ የቤት ዕቃ አብዛኛው የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። በአይሱዙ ላይ ከሲሚንቶና ከዘይት ጀሪካን ጋር በገመድ የታሰረ ፍሪጅ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ቴሌቪዥን አይቼ አውቃለሁ። ከዕቃው ጋር በካርቶኑ ውስጥ አንዲት ወረቀት አብራ ትጓዛለች፤ ርእሷ «ዋስትና» ይላል። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህች ወረቀት ነው፤ በተለይ ደግሞ «ገንዘብ ጨምራችሁ ዕድሜዋን አስረዝሙ» ስለምንባለው።

በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ወር ላሊበላ የሄድኩት በዚሁ ጉዳይ ነው። ታላቅ እህቴ እዚያ ተድራ ዕድሜዋን ሙሉ ኖራለች። ስኳር ይዟት ኢንሱሊን መውጋት ከጀመረች ያን ጊዜ ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። አብራት የምትኖረው ልጇ አስተማሪ ናት። ባልና ሚስት ከደመወዛቸው ቆጥበው፣ የዕቁብ ዕጣ ሲወጣላቸው ያንን ጨምረው፣ ፍሪጅ ሊገዙ ደሴ ሄደው ዋጋ ጠይቀው ተመለሱ። ፍሪጁ 48,000 ብር ነው፤ የአንድ ዓመት ዋስትና አብሮት አለ። ሻጩ ደግሞ «4,800 ብር ከጨመራችሁ በላዩ ላይ ሁለት ዓመት እናራዝምላችኋለን» አላቸው። የውሉን ቅጽ ኮፒ ይዘው፣ በሳምንት ውስጥ በስልክ ሊወስኑ መጡ።

«አክስቴ፣ እርስዎ የፍሪጅ ነገር ያውቃሉ፤ መጥተው ይዩልን» አለችኝ ልጅቱ። ነርስ ፍሪጅ ያውቃል መባሉ ሊያስገርማችሁ ይችላል። በገጠር ጤና ጣቢያ የሠራ ሰው ግን የፍሪጅ አሳዳሪ ሆኖ ነው ያረጀው።

የጤና ጣቢያው ፍሪጅ

የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ መብራት ባልደረሰባቸው ቦታዎች በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ ገባ። ከሥሩ ትንሽ እሳት ይነዳል፤ ያ እሳት ነው ላዩን የሚያቀዘቅዘው። «እሳት እንዴት ብርድ ይወልዳል?» እያሉ የሚጠይቁኝን ሽማግሌዎች ማስረዳት ከክትባቱ ትምህርት ይብስ ነበር።

በወሎ ደጋ በተመደብኩበት ጤና ጣቢያ የዚያን ፍሪጅ የዋስትና ወረቀት ያየ ሰው አልነበረም። የሚጠግነው ሰው የሚገኘው ሩቅ ከተማ ነው። ፍሪጁን በሕይወት ያቆየው ሌላ ነገር ነው። ክሩን በየጊዜው እንቆርጣለን፤ ጭስ ማውጫውን እንጠርጋለን፤ ወለሉ ላይ እንዳያዘነብል በውኃ ልክ እናስተካክላለን፤ በረዶው ሲወፍር እናቀልጣለን፤ በሩን ያለ ሥራ አንከፍትም። ጠዋትና ማታ ደግሞ ቴርሞሜትሩን አንብበን መዝገብ ላይ እንጽፋለን።

ፍሪጅ ብዙውን ጊዜ እንደ ሰው ነው፤ ከመውደቁ በፊት ምልክት ያሳያል። ቁጥሩ ከ5 ወደ 7፣ ከ7 ወደ 9 ሲሄድ መዝገቡ ላይ ያየ ሰው በጊዜ ይደርስለታል። ኋላ መብራት ለገባላቸው ጤና ጣቢያዎች የኤሌክትሪክ የክትባት ፍሪጅ ሲታደል አብሮት ስታብላይዘር ይመጣ ነበር። ሩቅ አገር ፍሪጅ የሚልኩ ሰዎች ዕቃውን ቀድሞ የሚገድለው ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ላሊበላና መብራቷ

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ የምትገኝ ቀዝቃዛ ከተማ ናት። «እዚያ ደግሞ ፍሪጅ ለምን?» የሚል ይኖራል። ለወተትና ለወጥ ቢሆን እኔም አጥብቄ አልከራከርም ነበር። የእህቴ ቤት ጉዳይ ግን መድኃኒት ነው።

በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ከተማዋ ከደረሰ በኋላ ላሊበላ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ መብራት ቆይታለች። በዚያ ዘመን እህቴ መድኃኒቱ ሲገኝላት የምታቆየው በሸክላ ነበር። ትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ ታስቀምጣለች፤ መካከሉን በአሸዋ ትሞላና ጠዋትና ማታ ውኃ ታርከፈክፍበታለች፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ትሸፍናለች። ብልቃጧን እንዳትረጥብ በላስቲክ ጠቅልላ ከውስጥ ታኖራለች። ውኃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል።

ይህ ዘዴ ለተጀመረ ብልቃጥ ይረዳል። የተከፈተ ኢንሱሊን እንደ ዓይነቱ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ትክክለኛው ቁጥር በየመድኃኒቱ ወረቀት ላይ አለ። ያልተከፈተውን ለወራት ለማቆየት ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ያስፈልጋል። መንገድ ሲዘጋ የሚሆነውን ያየ የላስታ ሰው ደግሞ የሦስት ወር መድኃኒት ቤቱ ውስጥ እንዲኖር ይፈልጋል። ስለዚህ ለእህቴ ፍሪጅ ማለት የመድኃኒት ጎተራ ነው።

እኔ ስሄድ መብራት ተመልሷል፤ ይሄዳል፣ ይመጣል። በሰነበትኩበት ሳምንት ስንቴ እንደሄደ መቁጠር ጀምሬ አራተኛው ቀን ላይ ተውኩት። ሲመለስ አንዳንዴ አምፖሉ ከልኩ በላይ ይበራል፤ አንዳንዴ እንደ ኩራዝ ይደበዝዛል።

ቅጹን ስናነበው

ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ቅጹን ዘርግተን ልጅቱ ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ስለሚሸፈነው ነገር በትልልቅ ፊደል ይናገራል። ሁለተኛው ገጽ ፊደሉ ያንሳል፤ እኛ የቆየነው እሱ ላይ ነው።

«በኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ የደረሰ ጉዳት በዋስትናው አይሸፈንም» የሚለው ዘንድ ስትደርስ ልጅቱ ቀና አለች። «ታዲያ እዚህ አገር ፍሪጅ በሌላ በምን ይበላሻል?» እናቷ ሳቀች። ይህ አንቀጽ የዚያ ሱቅ ብቻ አይደለም፤ ዋስትና በሚሰጥበት ሁሉ የተለመደ ነው። እናንተም ቤት ያለውን ካርድ አውጥታችሁ እዩት። በጭነት ጊዜ የደረሰ ጉዳት፣ የበር ጎማ፣ አምፖል፣ ያልተፈቀደለት ባለሙያ የነካው ዕቃም አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ናቸው። ለደገኞች አንድ ልጨምር፤ በአንዳንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መመሪያ ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ እንዳይጠቀሙበት የሚል ይገኛል። ላሊበላ ከዚያ በላይ ናት።

ቀጥሎ «ዕቃውን ወደ ጥገና ቦታ የማቅረብ ኃላፊነት የገዢው ነው» ይላል። የጥገናው ቦታ ደሴ ነው። ከላሊበላ ደሴ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ፍሪጁ ቢበላሽ ጫኝ፣ መኪና፣ አውራጅ፣ የአጃቢ ሰው አልጋና ምግብ፣ ከዚያም ይህ ሁሉ መልሶ ወደ ቤት። ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ ነው። መድኃኒቱስ በእነዚያ ሳምንታት የት ይቀመጣል?

ባልየው ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና ጥሩ ክርክር አመጣ። «የዕቃ ዋጋ በየወሩ ይጨምራል። ዛሬ 4,800 ብር የሚያሠራው ከሁለት ዓመት በኋላ ምንም ላያሠራ ይችላል። የነገን ጥገና በዛሬ ዋጋ መግዛት አይሻልም?» አለ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውሉ መለዋወጫውን በሙሉ የሚችል ቢሆን፣ ጠጋኙም ቤት ድረስ የሚመጣ ቢሆን እኔም ክፈሉ እል ነበር። ቅጹ ግን የእጅ ዋጋው ነፃ ነው ካለ በኋላ መለዋወጫው «በክምችት ካለ» ይላል። ከሌለ ምን እንደሚደረግ አይናገርም።

የመጨረሻው ነገር ማኅተሙ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ዋስትና የአምራቹ ነው። ተጨማሪው ሁለት ዓመት ግን የሱቁ ብቻ ነው። ሱቁ ቢዘጋ፣ ባለቤቱ ሥራ ቢቀይር፣ ወረቀቷ የምትጠይቀው ሰው የላትም። አንዳንድ ፋብሪካዎች በፍሪጁ ሞተር፣ ማለትም በኮምፕሬሰሩ ላይ ብቻ እስከ 10 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። ይህ ደግ ነው፤ ጋዙን፣ የእጅ ዋጋውንና ጭነቱን ማን እንደሚችል ግን አብራችሁ ጠይቁ።

ያለ ክፍያ የምናገኘውም መብት አለ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት የተገዛ ዕቃ ጉድለት ቢገኝበት ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ነጋዴው ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት ውድ ናቸው። ዕቃውን በካርቶን አስቀምጦ «ለበዓል እንከፍተዋለን» ማለት ይህን መብት መጣል ነው።

ቅዳሜ ገበያና የድንጋዩ ቦይ

ቅዳሜ ዕለት ገበያ ወጣሁ። ከአቡነ ዮሴፍ ግርጌ ገብስ ጭነው የወረዱ ገበሬዎች የሚገዙት የኤሌክትሪክ ዕቃ ፍሪጅ ሳይሆን የሶላር መብራት ነው። በአንድ መደብ ላይ በካርቶን ያለ፣ የዋስትና ካርድ ያለው መብራት አለ፤ ከጎኑ ካርቶንም ካርድም የሌለው፣ ዋጋው የረከሰ አለ። ዓለም አቀፉን የጥራት መለኪያ ያለፉ ትንንሽ የሶላር መብራቶች ቢያንስ የአንድ ዓመት ዋስትና እንዲኖራቸው ግዴታ ነው። አንድ ሽማግሌ ካርድ ያለውን አንስተው ሻጩን «ሌላው ቅዳሜም እዚሁ ነህ?» አሉት። «እዚሁ ነኝ አባቴ፤ ዘንድሮም አምናም እዚሁ ነኝ» አላቸው። ከፈሉ። ካርዱን ግን አላነበቡትም። ሰውየው በሳምንቱ እዚያው መደብ ላይ የሚገኝ ከሆነ ዋስትናቸው እሱ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ በቤተ መድኃኔ ዓለም በኩል ዞርኩ። በዓለም ቅርስነት እ.ኤ.አ. በ1978 የተመዘገቡት አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ አለት ተፈልፍለው ስምንት መቶ ዓመት ግድም ቆመዋል። በአንዳንዶቹ ላይ ከዝናብ እንዲከላከል በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጠናቀቀ የብረት መጠለያ አለ። ሲሠራ ጊዜያዊ ተብሎ ነበር። ዓመታት አልፈው እዚያው ሲቆይ የከተማው ሰው «ብረቱ ራሱ ቅርሱን እንዳይጎዳው» ብሎ ሠጋ፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ለዚሁ ሰልፍ ወጣ። በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን መጥተው አገራቸው እንደምታግዝ ቃል ገቡ። ከሩቅ መጥቶ የተተከለ ነገር ሲያረጅ ማንን እንጠይቅ የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ለፍሪጅ ብቻ አይደለም።

ወደ ታች ብትመለከቱ ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ በድንጋዩ ውስጥ የተፈለፈለ የውኃ መውረጃ ቦይ አለ። ቦዩ ደለል ከሞላው ውኃው ግድግዳው ሥር ይተኛል። ስለዚህ ከክረምት በፊት የሚጠርገው ሰው ያስፈልገዋል። ቦዮቹ ለብዙ መቶ ዓመታት አፈር ሞልቷቸው ቆይተው የተጠረጉት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

የወሰንነው

ሰኞ ዕለት ባልየውን አንድ ነገር ለመንኩት። ላሊበላ የሆቴል ከተማ ናት፤ በየሆቴሉ ፍሪጅ አለ። «ሆቴሎቹ ፍሪጃቸው ሲበላሽ ማንን ነው የሚጠሩት? ጠይቀህ ና» አልኩት። በማግስቱ የአንድ ወጣት ስልክ ይዞ መጣ። ሦስት ሆቴሎች የጠቆሙት ያንኑ ልጅ ነው። ልጁ ቤት ድረስ መጥቶ ፍሪጁ የሚቆምበትን ቦታ አየ፣ የሶኬቱን ምድር መስመር ፈተሸ፣ መስመሩ ልል መሆኑን አሳይቶ አጠበቀው። ሞተሩ ካልሆነ በቀር አብዛኛውን ጥገና እዚያው እንደሚሠራ ነገረን።

ተጨማሪውን ዋስትና አልገዙም። ከ4,800 ብሩ ላይ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ ስታብላይዘር ተገዛ። ይህ መዘግየት ጥቅም አለው፤ መብራት እንደመጣ ወዲያው የሚነሣ ሞተር ይጨነቃል። አንድ ትንሽ የፍሪጅ ቴርሞሜትርም ተገዛ። የተረፈው ገንዘብ በእህቴ ሳጥን ውስጥ «የፍሪጅ» ተብሎ ለብቻው ተቀመጠ፤ በየወሩም ጥቂት ይጨመርበታል። የልጅ ልጇ ጠዋትና ማታ ዲግሪውን እያነበበ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ይህን ሥራ ለአሥር ዓመት ልጅ የሰጠሁት እኔ ነኝ። መድኃኒቱ በረዶ ቤቱ አጠገብ እንዳይቀመጥም አስጠንቅቄያለሁ፤ አንዴ የበረደ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አያገለግልም። ሸክላውንም እንዳትጥሉት ብያለሁ። መብራት ሲሄድ በሩ ካልተከፈተ ፍሪጁ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ሸክላው አለ።

ፍሪጁ እስከ ዛሬ ይሠራል። ይህን የምናገረው ግን ውሳኔው ልክ መሆኑን ለማስመስከር አይደለም። በስድስተኛው ወር ቢቃጠል እንኳ ውሳኔው ያው ነበር፤ ምክንያቱም ያቺ ወረቀት ከደሴ ተነሥታ ጋሸናን አትሻገርም ነበር።

ለእናንተስ?

ለሁሉም ሰው «አትግዙ» አልልም። አዲስ አበባ የምትኖሩ፣ የጥገና ማዕከሉ በታክሲ የሚደረስ፣ ዕቃውም እንደ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውድ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ያለው ከሆነ፣ ዋጋው ልከኛ ሲሆን ተጨማሪ ዋስትና ሊያዋጣ ይችላል። አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን ዕቃ በገዙ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። እዚያ ያለው ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለ የሸማቾች ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን ለጥገና ማስቀመጥ ይሻላል እያለ ሲመክር ቆይቷል። ያውም እዚያ ጠጋኙ ቤት ድረስ ይመጣል።

ዕድራችንን አስቡት። በየወሩ የምናዋጣው ብቻችንን ልንሸከመው የማንችለው ነገር ሲመጣ ብቻችንን እንዳንሆን ነው። ድንኳኑና ወንበሩ ከጎረቤት ይመጣል፤ ማን እንደሚያመጣው በስም እናውቃለን። ለፍሪጅ የምንከፍለውንም በዚህ መለኪያ እንየው። ዕቃው ቢበላሽ ቤቱን የሚያናጋ ጉዳት ነው? ነው ከሆነስ የከፈልነው ገንዘብ በእውነት ሰው ያመጣልናል?

እንግዲህ ልጆቻችሁ ወይም የልጅ ልጆቻችሁ ዕቃ ሊገዙ ሲሉ ሁለተኛውን ገጽ አብራችሁ አንብቡላቸው፤ መነጽራችሁን ይዛችሁ። ደረሰኙንና የዕቃውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ይህን ብቻ ጠይቁት፦ «ሲበላሽ ማን ይመጣል? በስንት ቀን? ጭነቱንስ ማን ይከፍላል?» መልሱን በአፉ ከነገራችሁ አመስግኑትና በቅጹ ላይ እንዲጽፈው ለምኑት።